ሰርቮ ልግዛ ወይስ ያለኝን ላስተካክል? የሞተር አቀማመጥ ትክክለኛነትን ለማሻሻል የንጽጽር መመሪያ፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወርክሾፖች

ደሴ ወደ አንድ የበርና የቁም ሣጥን መሥሪያ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ባለቤቱን ሰፈርተኛው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። ገና ከደጃፉ ሳልፍ አንድ የኤምዲኤፍ ቁራጭ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። መሐሉ ላይ 100 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ተቆርጧል። በዓይን ሲታይ እንከን የለውም። ጣቴን በጠርዙ ላይ ሳዞር ግን ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ፣ አራት ቦታ ላይ ጥፍር የሚይዝ ትንሽ ደረጃ አገኘሁ።

«ሞተሩ ደክሟል አሉኝ። ሰርቮ ካልገባለት አይሆንም ተብያለሁ» አሉ ሐጂ። ከዚያ በፊት የመጣ ባለሙያ ሞተሮቹን ከነድራይቫቸው፣ ጅረት እየሰጠ ከሚነዳቸው ሳጥን ጋር፣ በሰርቮ፣ ማለትም ቦታውን እየተከታተለ ራሱን በሚያርም ሞተር፣ ለመቀየር ዋጋ ነግሯቸው ሄዷል። ዋጋው ማሽኑ ከተገዛበት ሲሶ ያህል ነበር።

«ሐጂ፣ ሞተሩ ምንም አልሆነም። የእርስዎ ሞተር ስቴፐር ነው፣ በትንንሽ እርምጃ የሚዞር፤ እርምጃ ቢስት ኖሮ ክቡ ጫፉ ሳይገጥም ይቀር ነበር። ይሄ ገጥሟል። ችግሩ አቅጣጫ በሚቀይርበት ቦታ ላይ ብቻ ነው።»

«አብሽር ልጄ፣ እንግዲያው አሳየኝ» አሉኝ።

የሞተሩን ዘንግ ከቦል ስክሩ፣ ዙሩን ወደ ቀጥታ ጉዞ ከሚቀይረው ረጅም ቪቴ፣ የሚያገናኘው ማያያዣ ላይ አንዷ ትንሽ ቪቴ ላልታ ነበር። ከስክሩ ጫፍ ያለው ኩሽኔታም ተበልቷል። ከመንካቴ በፊት በዳያል ጌጅ፣ የሚሊሜትር መቶኛ በሚያሳይ መለኪያ፣ ስለካ ልቅነቱ 0.18 ሚሊሜትር ነበር። ማያያዣው ጠብቆ ኩሽኔታው ሲቀየር 0.04 ላይ ወረደ። አዲስ ሞተር አልተገዛም።

ይህን መመሪያ የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ነገር ደጋግሜ ስላየሁ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ የእንጨት ራውተር፣ የፕላዝማ መቁረጫና የማጓጓዣ ቀበቶ ያላቸው ሰዎች «ትክክለኛነት» ሲባል ወዲያው የሚታያቸው ውድ ሞተር ነው። ሰርቮን ማንቋሸሼ አይደለም፤ ቦታው ላይ ሲገባ ወደር የለውም። ግን ማንኛውም ሞተር የሚያርመው የሚያየውን ስሕተት ብቻ ነው። ሞተሩ ላይ የተገጠመ ኢንኮደር፣ ዙሩን የሚለካው ሴንሰር፣ የሚያየው ደግሞ የራሱን ዘንግ ነው። ከዘንጉ ወዲያ የላላ ማያያዣ፣ የተበላ ጥርስ ወይም የሚለጠጥ ቀበቶ ካለ ኢንኮደሩ «ደርሻለሁ» ይላል፤ ቢላው ግን አልደረሰም።

መጀመሪያ መለካት

ዳያል ጌጅ ከነማግኔት መቆሚያው ይኑራችሁ። ከሚሸጡላችሁ ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ሦስት ፈተና ይበቃል።

አንደኛው የልቅነት ፈተና ነው። ማሽኑን ወደ አንድ አቅጣጫ እየነዳችሁ የዳያሉን ጫፍ አስነኩና ዜሮ አድርጉት። በዚያው አቅጣጫ 1 ሚሊሜትር ግፉት፤ ከዚያ 1 ሚሊሜትር መልሱት። ዳያሉ ከዜሮ የጎደለበት መጠን መሐንዲሶች ባክላሽ የሚሉት ልቅነት ነው። መድኃኒቱም ከሞተሩ ወዲያ ነው፤ ማያያዣ፣ ኩሽኔታ፣ ነት፣ ጥርስ።

ሁለተኛው የእርምጃ መሳት ፈተና ነው። ዜሮ ያዙ፤ ቢላውን ከእንጨቱ በላይ አንሥታችሁ ማሽኑን በሙሉ ፍጥነቱ ሩብ ሰዓት ያህል በአየር ላይ አስሩጡት፤ ከዚያ ከበፊቱ አቅጣጫ ወደ ዜሮ መልሱት። ዳያሉ ዜሮን ካላሳየ ሞተሩ እርምጃ ስቷል፣ ወይም የምልክት ገመዱ የውጭ ረብሻ እየሰበሰበ ነው። ሞተርና ድራይቭ የሚያነጋግረው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሦስተኛው የርቀት ፈተና ነው። 300 ሚሊሜትር አዝዙና ለኩ። ስሕተቱ ከርቀቱ ጋር እኩል የሚያድግ ከሆነ «በሚሊሜትር ስንት እርምጃ» የሚለው ቁጥር ተዛብቷል፣ አለዚያም ስክሩ ራሱ ትክክል አይደለም። ሲ7 ደረጃ የሚባለው የተለመደው ቦል ስክሩ በ300 ሚሊሜትር ላይ 0.05 ሚሊሜትር ያህል ስሕተት ተፈቅዶለት ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ሲ5 ወደ 0.018 ይወርዳል፤ ዋጋው ግን ያሻቅባል። ፈተናውን ጠዋትም ከሰዓትም አድርጉት። አንድ ሜትር ብረት በ10 ዲግሪ ሲሞቅ 0.12 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። የደሴ ጠዋት ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ማሽኑ ግማሽ ቀን ሲሠራ ስክሩ ከዚያ በላይ ሊሞቅ ይችላል።

ስቴፐር፣ ኢንኮደር ያለው ስቴፐር ወይስ ሰርቮ

ሰው የሚጨነቀው እዚህ ላይ ስለሆነ እኔም ረዘም ላድርገው።

ተራው ስቴፐር በአንድ ዙር 200 እርምጃ አለው፤ እያንዳንዱ 1.8 ዲግሪ። ድራይቩ አንዱን እርምጃ በ16 ሲከፋፍለው በዙር 3,200 ይሆናል። በዙር 5 ሚሊሜትር በሚሄድ ስክሩ ላይ ይህ በወረቀት 0.0016 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሻጩም ቁጥሩን አሳይቶ «ይሄን ያህል ትክክለኛ ነው» ይላል። አይደለም። ይህ የትእዛዙ ረቂቅነት ነው፤ የደረሰበት ቦታ ትክክለኛነት ሌላ ነገር ነው። አንድ እርምጃ በ16 ሲከፈል አንዷ ክፋይ የምታመነጨው ተጨማሪ ጉልበት ሞተሩ ቆሞ ከሚይዝበት ሙሉ ጉልበት 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፍትጊያው ከዚያ ከበለጠ ትእዛዙ ይሰጣል፣ ዘንጉ ግን አይነቃነቅም፤ ሁለት ሦስት ክፋይ ከተጠራቀመ በኋላ ዘለል ይላል። ክፋዩን ማብዛት ድምፁን ያለሰልሳል፣ መንቀጥቀጡን ይቀንሳል። ለዚያ ጥሩ ነው።

ሌላም አለ። ስቴፐር ጭነት ሲበረታበት እርምጃ ሳይስት በፊት ወደ ኋላ ይጎተታል፤ ጉልበቱ እስከሚያልቅበት ጠርዝ ድረስ የሚጎተተው አንድ ሙሉ እርምጃ፣ 1.8 ዲግሪ ያህል ነው። በ5 ሚሊሜትር ስክሩ ላይ ይህ 0.025 ሚሊሜትር ነው፤ ለእንጨት ሥራ ማንም አያየውም። ያንኑ ሞተር ዲያሜትሩ 40 ሚሊሜትር ከሆነ ፒኒየን፣ ትንሽ ጥርሳም ማርሽ፣ ጋር በቀጥታ የጥርስ ሐዲድ ላይ ብታስቀምጡት ግን በዙር 126 ሚሊሜትር ገደማ ይሄዳል፤ 1.8 ዲግሪው 0.63 ሚሊሜትር ይሆናል። ሞተሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከሱ በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ «ስቴፐር ትክክለኛ ነው ወይ?» ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው «በምን ላይ ተገጥሞ?» ብዬ ነው። በመሐል 1 ለ5 የሚቀንስ ማርሽ ሲገባ ያ 0.63 ወደ 0.13 ይወርዳል። ማርሹ ከሰርቮ በብዙ ይረክሳል።

ኢንኮደር ያለው ስቴፐር፣ ክሎዝድ ሉፕ የሚሉት፣ አንድ በሽታ በደንብ ያድናል፤ እርምጃ መሳትን። ሲጎተት ያውቃል፣ ተጨማሪ ጅረት ሰጥቶ ይመልሳል፣ ካልቻለ ደግሞ ደወል ሰጥቶ ይቆማል። መቆሙ ራሱ ትልቅ ጥቅም ነው። ተራው ስቴፐር ሳይናገር ስቶ ሙሉውን ላሜራ ያበላሻል፤ ይሄኛው አንዱን ቁራጭ ብቻ አበላሽቶ ይጠራችኋል። በፍጥነት ግን ከስቴፐርነቱ አያመልጥም፤ በደቂቃ ከጥቂት መቶ ዙር በላይ ሲሄድ ጉልበቱ እየሳሳ ይመጣል። የድራይቩን ቮልቴጅ ከፍ ማድረግ ይረዳል፣ ድራይቩና ሞተሩ እስከሚፈቅዱት ድረስ።

ሰርቮ በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። ጉልበቱን እስከ ደረጃ ፍጥነቱ ድረስ ይዞ ይሄዳል፤ ለአነስተኞቹ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 3,000 ዙር ነው። ኢንኮደሩ 17 ቢት ከሆነ አንዱን ዙር በ131,072 ይከፍለዋል። ለአጭር ጊዜ ከመደበኛው ሁለት ሦስት እጥፍ ጉልበት ይሰጣል። ከባድ ጋንትሪ፣ ቢላውን ተሸክሞ የሚሄደው ድልድይ፣ በፍጥነት ተነሥቶ በፍጥነት እንዲቆም፣ ቀኑን ሙሉ ያለ ዕረፍት እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ሰርቮ ግዙ። ቀላል ራውተር ይዛችሁ በቀን አሥር በር የምትቆርጡ ከሆነ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሰርቮ ስትገዙ የጭነቱን ኢነርሺያ፣ ለመነሣትና ለመቆም ያለውን እምቢታ፣ አትርሱ። ጭነቱ ከሞተሩ ኢነርሺያ ከአሥር እጥፍ በላይ ሲከብድ ሞተሩን ማረጋጋት ያስቸግራል፤ ከአምስት በታች ቢሆን ይመረጣል። የማርሽ ጥቅም እዚህ ይገናል፤ 1 ለ5 ማርሽ ሞተሩ የሚሰማውን ኢነርሺያ በ25 ይከፍለዋል። ማርሹ ራሱ ልቅ ከሆነ ግን አንዱን ችግር በሌላ ለውጣችሁ። 5 የዲግሪ ደቂቃ (60ው አንድ ዲግሪ ነው) ልቅነት ያለው ፕላኔታሪ ማርሽ በ40 ሚሊሜትሩ ፒኒየን ላይ 0.03 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው የሚያመጣው። ልቅነቱ በወረቀት ያልተጻፈለትን ማርሽ አትግዙ።

ኢንኮደሩ የትኛው ይሁን

እኛ አገር ይህን ምርጫ የሚወስነው ግማሹን መብራት ነው። ተራው ኢንክሪመንታል ኢንኮደር ምቱን ይቆጥራል እንጂ የት እንዳለ አያውቅም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ወደ መነሻው ተመልሶ ዜሮውን መፈለግ አለበት። ቢላው በወፍራም እንጨት ውስጥ ተቀርቅሮ እያለ ይህን ማድረግ አደጋ ነው። አብሶሉት ኢንኮደር መብራት እንደመጣ ያለበትን ይናገራል። ዙሩን በባትሪ የሚያስታውስ ከሆነ ባትሪው ሲያልቅ ዜሮው አብሮ ይጠፋል፤ የምትቀይሩበትን ቀን ማሽኑ ላይ ለጥፉት። አብሶሉቱ ከአቅም በላይ ከሆነ፣ መቆጣጠሪያውን ብቻ የሚይዝ አነስተኛ ዩፒኤስና ጥሩ የመነሻ ማብሪያ አብዛኛውን ችግር ይሸፍናሉ።

ሬዞልቨር የሚባለውም አለ። ውስጡ ጥቅልና ብረት እንጂ ኤሌክትሮኒክስ ስለሌለው ሙቀትና መንቀጥቀጥ አያሸንፉትም። የክር ብናኝ በሚበዛበት የጨርቃ ጨርቅ አዳራሽ ውስጥ በብርሃን ከሚያነበው ኦፕቲካል ኢንኮደር እሱን አስቀድማለሁ። ረቂቅነቱ ያንሳል፤ 10 የዲግሪ ደቂቃ ቢስት እንኳ በ5 ሚሊሜትር ስክሩ ላይ 0.0023 ሚሊሜትር ነው፣ ለብዙ ሥራ ከበቂ በላይ።

በማሽኑ አልጋ ላይ የሚለጠፈው ሊኒየር ስኬል ከሁሉም የተለየ ነው፤ እሱ የሚያየው የቢላውን ተሸካሚ ነው እንጂ የሞተሩን ዘንግ አይደለም። የስክሩን ስሕተትና ሙቀት ያመጣውን መርዘም ያርማል። ነገር ግን የላላ ማሽን ላይ ለጥፋችሁ እንዳትሞክሩ። ልቅነቱ መቆጣጠሪያው በሚያርምበት ዑደት ውስጥ ሲገባ ሞተሩ ቦታውን ፍለጋ ወዲያና ወዲህ ሲል ይውላል። መጀመሪያ ማጥበቅ፣ ከዚያ ስኬል።

ልቅነትን በሶፍትዌር መሸፈን

መቆጣጠሪያው «አቅጣጫ ስትቀይር 0.1 ጨምር» ሊባል ይችላል። ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? እንደ ሥራው ነው። ፕላዝማ ላሜራውን አይነካም፤ የሚገፋው ኃይል ስለሌለ ማካካሻው በደንብ ይሠራል። የራውተር ቢላ ግን እንጨቱን ሲነክስ ጋንትሪውን ይጎትተዋል፤ ጋንትሪው በልቅነቱ ውስጥ እንደፈለገ ይዋልላል፣ ሶፍትዌሩም አያውቅም። ለራውተር ማጥበቅ እንጂ መሸፈን የለም።

ለፕላዝማ ባለቤቶች አንድ ነገር ልጨምር። አርኩ ሲነሣ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ረብሻ በምልክት ገመዱ ውስጥ የውሸት ምት ያስገባል። ማሽኑ እርምጃ የሳተ ይመስላል፤ ሰውም ሞተር ይቀይራል። ሁለተኛውን ፈተና አንዴ ችቦው ጠፍቶ፣ አንዴ እየቆረጠ አድርጉት። እየቆረጠ ሳለ ብቻ ከሳተ ሞተሩ ንጹሕ ነው። ሽፋን ያለው ገመድ፣ በጥንድ ሽቦ የሚሄድ ዲፈረንሻል ምልክት፣ ከኃይል ገመዱ መራቅና ጥሩ የመሬት ሽቦ ይፈውሱታል።

ከመግዛት ይልቅ ማስተካከል

ሰርቮ ኖሯችሁ ማእዘን የሚያድቦለቡልባችሁ ከሆነ ችግሩ ምናልባት ቁጥሮቹ ላይ ነው። በሰርቮ ውስጥ ሦስት ዑደት አለ፤ ከሁሉ ውስጥ የጅረቱ፣ ቀጥሎ የፍጥነቱ፣ ከላይ የቦታው። የቦታው ዑደት ጌይን፣ ስሕተትን የሚያርምበት ብርታት፣ በሰከንድ 30 ከሆነና ማሽኑ በሰከንድ 100 ሚሊሜትር ቢሄድ፣ ቢላው ከትእዛዙ 3.3 ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ነው የሚከተለው። በቀጥታ መስመር አይታይም። በማእዘን ላይ ጠርዙ ይድቦለቦላል። የሁለቱ አክሲስ (የጉዞ አቅጣጫ) ጌይን ከተለያየ ደግሞ ክቡ ወደ አንድ ወገን ያዘነብልና እንቁላል ይሆናል። ሐጂ ቤት ያየሁት ክብና ይሄኛው አይምታታባችሁ፤ ያኛው ደረጃ ነበረው፣ ይሄኛው ለስላሳ ነው ግን ክብ አይደለም።

መድኃኒቱ ነጻ ነው። የሁለቱን አክሲስ ጌይን እኩል አድርጉ፤ የፍጥነት ፊድፎርዋርድ የሚለውን ቁጥር፣ ስሕተቱን ሳይጠብቅ ቀድሞ የሚገፋውን፣ ከዜሮ እየጨመራችሁ የመከተል ስሕተቱ ሲቀንስ ተመልከቱ። ሥራውን ከውስጥ ወደ ውጭ ሂዱበት፤ የፍጥነቱ ዑደት ሳይረጋ የቦታውን አትንኩ። እነዚህን ቁጥሮች ለመምረጥ በ1942 የታተመውን የዚግለርና የኒኮልስ ዘዴ ትምህርት ቤት ሁሉም ይማረዋል። መነሻ ይሰጣል፣ ግን ከዒላማው አልፎ የሚመለስ ጠበኛ ቁጥር ነው የሚያወጣው፤ ለቢላ ማሽን ዝቅ አድርጉት።

የማጓጓዣ ቀበቶ ያላችሁ

እዚህ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ተራ ኢንዳክሽን ሞተር ፍጥነቱን ከሚቀይረው ኢንቨርተር ጋር ነው፤ በሴንሰር ነው የሚቆመው። «አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይቆማል» የሚል ቅሬታ እሰማለሁ። ፒኤልሲው፣ ቀበቶውን የሚያዝዘው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ፕሮግራሙን አንድ ጊዜ ለማንበብ 10 ሚሊሰከንድ የሚወስድበት ከሆነና ቀበቶው በሰከንድ 500 ሚሊሜትር የሚሄድ ከሆነ፣ በዚህ ብቻ መቆሚያው እስከ 5 ሚሊሜትር ይዋዥቃል። ከመቆሚያው ቀደም ብሎ ሁለተኛ ሴንሰር ጨምራችሁ ፍጥነቱን ወደ 50 አውርዱት፤ መዋዠቁ 0.5 ይሆናል። የአንድ ሴንሰር ዋጋ ነው። ያ ካልበቃ ምልክቱን ወደ ፒኤልሲው ፈጣን መግቢያ አዛውሩት። ሰርቮ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ።

ስለ ከፍታችን

ሞተርና ድራይቭ ላይ የተለጠፈው አቅም እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት የተሰላ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዝ ይደክማል፤ ብዙ የድራይቭ አምራቾች በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ቀንሱ ይላሉ። ለደሴ፣ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ናትና፣ 15 በመቶ ያህል ነው። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከ8 እስከ 9። ቆቦ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን እዚያ ሙቀቱ ያስከፍላችኋል። ስለዚህ ጠርዝ ላይ የቆመ መጠን አትምረጡ፤ አንድ ደረጃ ከፍ በሉ።

እንግዲህ ምን ይገዛ

የእንጨት ራውተር፣ ቦል ስክሩ ያለው፣ ቀኑን ሙሉ የማይሮጥ፦ ተራ ስቴፐር፣ ጥሩ ማያያዣ፣ ጥሩ ኩሽኔታ። ብር ከተረፈ ወደ አቧራ መሳቢያ። እንጨት በእርጥበት ከ0.1 ሚሊሜትር በላይ ራሱ ይነፋል፤ ከዚያ በታች መሮጥ ትርፉ ድካም ነው።

ፕላዝማ፣ የጥርስ ሐዲድ ያለው፦ ኢንኮደር ያለው ስቴፐር ከማርሽ ጋር። የቅዱ ስፋት ራሱ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ነው፤ የሰርቮን ረቂቅነት አይጠቀምበትም። ቀጭን ላሜራ በብዛትና በፍጥነት የሚቆርጥ ብቻ ወደ ሰርቮ ይሂድ።

ብረት የሚሚል ወይም ቶርኖ፣ መቶኛ ሚሊሜትር የሚጠየቅበት፦ ሰርቮ ከአብሶሉት ኢንኮደር ጋር፣ ሲ5 ስክሩ፣ አቅም ካለ ስኬል። እዚህ አትቆጥቡ። ስቴፐር ላይ ሲደክሙ የኖሩ ልጆች አይቻለሁ፤ ለሥራው ያልተፈጠረ ዕቃ ላይ ዕድሜ ማባከን ያሳዝነኛል።

ሻጩ ቤት ስትሄዱም ስለ ቢትና ስለ ዋት ከማውራታችሁ በፊት፣ ቆሞ የሚታየውን ማሽን 100 ሚሊሜትር ክብ በሁለቱም አቅጣጫ እንዲቆርጥላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ቁራጩን አንሡና ጣታችሁን ዙሪያውን አዙሩበት።